«ፈዚ» እና «ክላውድ» በአማርኛ፦ ስለ ባለብዙ መስፈርት ምርጫ ስያሜዎች

የኮምፒዩተር አገልግሎትን በርቀት ከሚያቀርቡ ድርጅቶች የሚበጀውን ለመምረጥ የሚረዳው የስሌት ዘዴ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ፈዚ» እና «ክላውድ» የተባሉት ቃላት ተርጓሚውን ያስቸግሩታል። በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን ጽንሰ ሐሳብ ካብራራን በኋላ ለስያሜ የሚሆን ሐሳብ እናቀርባለን።

ነባሩ የስብስብ ትምህርት አንድን ነገር «አባል ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ ይለያል። 500 ሜትር ከፍታ የበረሃና የቆላ መለያ ቢሆን፣ ከዚያ በታች ያለችው ሰመራ በረሃ፣ ወደ 1,000 ሜትር የምትጠጋው አዋሽ ሰባት ኪሎ ደግሞ ቆላ ትባላለች። ይሁንና 499 ሜትር ላይ የቆመ ሰው ሁለት ሜትር ሽቅብ ቢወጣ ከበረሃ ወጣ አይባልም። ሎትፊ ዛዴህ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አባልነትን ከ0 እስከ 1 በሚደርስ ደረጃ ገለጹ። ለምሳሌ ያህል አዋሽ ለበረሃነት 0.4 ብትሰጥ፣ በረሃ የመሆን ዕድሏ ከመቶ 40 ነው ማለት አይደለም፤ ጠባይዋ በዚያ መጠን ወደ በረሃነት ያደላል ማለት ነው።

ስለዚህ «አሻሚ» አይስማማም፤ አሻሚ ሁለት ትርጉም ያለው ነውና። «ብዥታ»ም የተመልካቹን ዐይን ጉድለት ያመለክታል። እዚህ ላይ የደበዘዘው ድንበሩ ብቻ ነው። «ልበ ሙሉ» በሚለው አርአያ «ወሰነ ደብዛዛ» ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን «ሰ» መጥበቅ አለመጥበቋ በጽሕፈት ስለማይታይ ቃሉ ውሳኔ ከሰጠው «ወሰነ» ጋር ይምታታል። ስለሆነም «ድንበረ ደብዛዛ»ን እንመርጣለን።

ወሰንና ውሳኔ ተዛማጅ ቃላት መሆናቸው ግን ቁም ነገር አለው፤ መወሰን ድንበር ማበጀት ነውና። ታዲያ ድንበሩ የደበዘዘ ውሳኔ እንዴት ይኖራል? የሚደበዝዘው መነሻው እንጂ መድረሻው አይደለም። በሰመራ የሚገኝ መሥሪያ ቤት ዋጋን፣ የመረጃ ደኅንነትንና የመስመር አለመቋረጥን መስፈርት አድርጎ አቅራቢዎችን ያወዳድራል እንበል። ባለሙያዎቹ «መካከለኛ» ሲሉ ቃሉ ከ10 በ5 ላይ ሙሉ፣ በ3 እና በ7 ላይ ባዶ ይሆናል፤ 4 የመካከለኛነት ደረጃው 0.5 ነው። ምዘናዎቹ በየመስፈርቱ ክብደት ተባዝተው ከተደመሩ በኋላ ወደ አንድ ቁጥር ይጠቃለላሉ። በዚያን ጊዜ አንዱ ይመረጣል። ይህን ዘዴ «አሻሚ ስሌት» ብለን ለጨረታ ኮሚቴ ብናቀርብ ግን ሳይመረመር ይጣል ይሆናል።

«ክላውድ» መሐንዲሶች የመገናኛ መረብን በደመና ቅርጽ ይስሉ ከነበረበት ልማድ የመጣ ነው። «የደመና ስሌት» የዝናብ ትንበያ ይመስላል፤ ደንበኛው የሚከራየውም ማከማቻ፣ የማስሊያ ኃይልና ፕሮግራም እንጂ ስሌት ብቻ አይደለም። «የደመና አገልግሎት» ይሻላል።

የምናቀርባቸው ስያሜዎች የሚከተሉት ናቸው፦

ድንበረ ደብዛዛ ስብስብ፦ አባልነቱ በደረጃ የሚለካ ስብስብ።

የአባልነት ደረጃ፦ ከ0 እስከ 1 ያለ መለኪያ።

ባለብዙ መስፈርት ውሳኔ፦ በተለያየ ክብደት ከተመዘኑ መስፈርቶች የሚገኝ ምርጫ።

የደመና አገልግሎት፦ በመረብ አማካይነት፣ በተፈለገ ጊዜና መጠን የሚቀርብ የጋራ የኮምፒዩተር ሀብት።