ሚኒሞ የማይይዝ ሞተር፦ ትሮትል ቦዲን በቤት ስለ ማጽዳት



ንግግሬን ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የማሽከረክራት አሮጌ ኮሮላ ሚኒሞ አልይዝ አለች። ስቆም ትንቀጠቀጣለች፤ አንዳንዴም ድንገት ትጠፋለች። አንድ ጋራዥ ወሰድኋት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አንዲት ትንሽ ቡሎን በካቻቢቴ ዞር አደረገና ሥራው ማለቁን ነገረኝ፤ እኔም አመስግኜ ከፈልሁ። ሞተሩ በእርግጥ መጥፋቱን ተወ። ነገር ግን ወደ ሚኤሶ ስወርድ፣ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ባነሣም መኪናዋ አልገታ አለች፤ ከኋላ የሚገፋኝ ያለ መሰለኝ። ቁልቁለቱን የጨረስሁት የጋለ የፍሬን ሸራ እየሸተተኝ ነው።

መካኒኩ ክፉ አልሠራም፤ በካርቡራተር ዘመን የተማረውን ነው የሠራው። ያን ጊዜ ሚኒሞ በቡሎን ይስተካከል ነበር። ዛሬ በአብዛኞቹ የቤንዚን መኪኖቻችን ላይ ያቺ ቡሎን ፋብሪካው ለክቶ ያሰራት ስለሆነች መነካት የለባትም።

ትሮትል ቦዲ በአየር ማጣሪያውና በሞተሩ መካከል የተገጠመ ጉሮሮ ነው። በውስጡ በመሃል ዘንግ ላይ የሚዞር ክብ ሳህን አለ። ነዳጅ መስጫውን ስንረግጥ የምንከፍተው ይህንን የአየር በር እንጂ የቤንዚኑን ቧንቧ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ የገባውን አየር አይቶ የሚመጥነውን ቤንዚን ያስረጫል። እግራችንን ስናነሣ ሳህኑ ይዘጋል። ሞተሩ ከዚያ በኋላ የሚተነፍሰው በሳህኑ ጠርዝ ዙሪያ በሚቀረው እጅግ ጠባብ ክፍተት፣ በብዙ አሮጌ መኪኖችም በጎን በምታልፍ ቀጭን መተላለፊያ ነው። የሞቀ ሞተር በደቂቃ ከ650 እስከ 800 ዙር ገደማ እየዞረ የሚቆየው በዚህች ጥቂት አየር ነው። ክፍተቱ ላይ ጥላሸት ሲጋገር ሞተሩ ይታፈናል።

በእኛ አገር ሰው ሁሉ አቧራውን ይወቅሳል። አቧራው የሚገባው ግን ማጣሪያው ሲቀደድ ወይም በትክክል ሳይገጠም ሲቀር ነው። የጥቁሩ ዝቃጭ ዋና ምንጭ ሞተሩ ራሱ ነው፤ በፒስተኖቹ ጎን ያመለጠው ጋዝ የዘይት ተን ይዞ በቱቦ ወደ አየር መግቢያው ይመለሳል፤ እዚያም ሳህኑ ላይ ይለጠፋል። በዚያ ላይ ጭሮ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ሞተሩ ያንኑ አየር ለማግኘት በሩን ትንሽ ሰፋ አድርጎ መክፈት ይኖርበታል።

ይህን ሁሉ የማነሣው ስለ መንቀጥቀጡ ብቻ አይደለም። ብዙ አሽከርካሪዎች ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ ይወርዳሉ። ሞተሩ ያን ጊዜ በሚኒሞ ላይ ብቻ ተንጠልጥሏል። ቢጠፋ የፍሬኑ አጋዥ ኃይል አንድ ሁለት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል፤ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፤ መሪውም ይከብዳል። ቁጠባውም ቢሆን የለም፤ ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ሲነሣ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ራሱ ያቋርጣልና።

ወደ ማጽዳቱ እንምጣ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ ቁልፉ ይነቀል። ከማጣሪያው የሚመጣውን ወፍራም ቱቦ ማሰሪያውን አላልቶ ማውጣት ነው። በቱቦው ላይ የአየር መለኪያ መሣሪያ ካለ ፈሳሽ እንዳይነካው፤ እጅግ ስስ ሽቦ ነው። ለትሮትል የተዘጋጀውን ማጽጃ ክር በማይለቅ ጨርቅ ላይ ረጭቶ የሳህኑን ጠርዝና ሳህኑ የሚያርፍበትን የጉሮሮ ግድግዳ ማበስ፣ ለተጋገረው ደግሞ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ መጠቀም ይበቃል። ካርቦኑን በቢላ የሚፍቁ አይቻለሁ፤ ጉሮሮው ስስ ቅብ ሊኖረው ስለሚችል ጭረቱ አይመለስም። ቤንዚንም አይሁን፤ እሳት ይጠራል።

ሳህኑ በገመድ የሚሳብ ከሆነ በእጅ ከፍቶ መያዝ ይቻላል። በኤሌክትሪክ የሚከፈት ከሆነ ግን ጣታችሁን አታስገቡ፤ ቁልፉ በርቶ ከሆነ ሳህኑ በድንገት ጣት ሊቆርጥ ይችላል፤ በግድ መግፋትም ጥርሶቹን ይሰብራል። እንዲህ ያለውን ፈትቶ ማውጣትና የተሸፈነውን ጎን ለባለሙያ መተው ይሻላል።

ከጸዳ በኋላ ሚኒሞው ቢጨምር አትደንግጡ። ኮምፒውተሩ ጥላሸቱን ለማካካስ በሩን ሰፋ አድርጎ መክፈት ለምዶ ነበር። በብዙ መኪኖች አየር ማቀዝቀዣና መብራት አጥፍቶ ሞተሩ ሞቆ ጥቂት ደቂቃ በቆመበት እንዲሠራ መተው ያስተካክለዋል፤ አንዳንዶቹ የመመርመሪያ መሣሪያ ይፈልጋሉ። ካልተስተካከለ የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም ያረጀ ካንዴላ መፈለግ ነው። የእኔዋ ኮሮላ ከጸዳች በኋላ 1,500 ዙር ላይ ቀረች፤ የተዞረችውን ቡሎን ወደ ቦታዋ ለመመለስ ከጽዳቱ ሦስት እጥፍ ጊዜ ፈጀብኝ።

የአይሱዙ ባለቤቶች ይህ ንግግር እምብዛም አይመለከታችሁም፤ የናፍጣ ሞተር ጉልበቱን የሚቆጣጠረው በአየር በር ሳይሆን በሚረጨው ነዳጅ መጠን ነው። የቪትዝና የኮሮላ ባለቤቶች ግን፣ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለቻችሁን መኪና በቀላሉ የምትተኩ አይመስለኝም።

መኪናዋ ከአዳራሹ ውጭ ቆማለች፤ ሞተሯም ቀዝቅዟል። ኮፈኑን ከፍተን እንያት።