የከባድ መኪና ራዲያተር ከመለወጡ በፊት ሊጤን የሚገባው

ከጅቡቲ ወደብ በደወሌ በኩል ወደ ድሬ ዳዋ የሚመጣ የጭነት መኪና፣ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ እስከ 1,200 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ወደ ሐረር ከቀጠለም የደንገጎ አቀበት ይጠብቀዋል። በአቀበት ላይ ሞተሩ እጅግ ይደክማል፤ ጉዞው ዝግተኛ በመሆኑም ራዲያተሩን የሚያገኘው ነፋስ ጥቂት ነው። ከፍታ ሲጨምር ደግሞ ውሃ ፈጥኖ ይፈላል፤ በ2,000 ሜትር ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን የሚከላከለው ግፊት የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ነው።

የፋብሪካውን ራዲያተር በሌላ ወፍራም መተካት የሚጠቅመው፣ ጥፋቱ በእርግጥ የራዲያተሩ ማነስ ሲሆን ነው። ክዳኑ ካረጀ፣ የማራገቢያው ቺንጊያ ከላላ ወይም ቴርሞስታቱ ከተጣበቀ አዲሱም እንደ አሮጌው ያፈላል። ረድፉ የበዛ ራዲያተርም ለነፋስ ስለሚከብድ ብርቱ ማራገቢያ ይሻል።

የመዳብና የናስ ራዲያተር ሲያፈስ በብየዳ ይጠገናል። አሉሚኒየም ክብደቱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የፕላስቲክ ጋኑ የተሰነጠቀ እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ መለወጥ ግድ ይሆናል። ቸርቻሪው ይህን ልዩነት ለገዥው አስቀድሞ ማስረዳት ይገባዋል።

አስመጪም በመኪናው ስም ብቻ አይዘዝ፤ የሻንሲውን ቁጥር፣ የቱቦውን አፍ ስፋት፣ የማሰሪያውን ቦታና የክዳኑን ግፊት ጽፎ ይላክ። ያልተስማማ ራዲያተር ቴስታታ ያጣመመ እንደሆነ፣ ኪሣራው ከዕቃው ዋጋ አልፎ ሞተሩንና በመንገድ የቀረውን ጭነት ይጨምራል።