ልጆቹ የሚሰባሰቡባት ማታ

ስኮትላንዳዊው ባለቅኔ ሮበርት በርንስ በ1786 (እ.ኤ.አ.) በኪልማርኖክ ከተማ ባሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ ውስጥ «የጭሰኛው ቅዳሜ ማታ» የተባለ ባለ 21 አንጓ ግጥም አለ። ብዙ አንባቢ የሚረዳው የባለቅኔው የልጅነት ቤት ሥዕል አድርጎ ነው። ለዚህም ምስክር አለ። ወንድሙ ጊልበርት እንደተናገረው የግጥሙ አባወራ የገዛ አባታቸው ናቸው፤ ግጥሙም የተጸነሰው አባትየው ቤተሰቡን ለጸሎት ሲጠሩ የሚናገሩት ቃል ከሮበርት ልብ ስላልጠፋ ነው። ምስክርነቱን አምናለሁ። ነገር ግን ግጥሙ ውስጥ ከበርንስ ቤት ጋር የማይገጥም አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ቁልፉም ያለው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ታሪኩ አጭር ነው። ወሩ ኅዳር ነው። ጭሰኛው የሳምንቱን ድካም ጨርሶ፣ አካፋውንና ዶማውን ሰብስቦ ወደ ጎጆው ይመለሳል። ጭሰኛ ማለት እዚህ ጎጆና ጥቂት የጓሮ መሬት ተሰጥቶት በምትኩ ጉልበቱን የሚከፍል ሰው ነው። ሕፃናቱ እየተንገዳገዱ ሮጠው ይቀበሉታል። ጥቂት ቆይቶ ትልልቆቹ ልጆች ይገባሉ። እነዚህ እቤት የሚያድሩ አይደሉም፤ በአካባቢው ገበሬዎች ዘንድ ተቀጥረው አንዱ ያርሳል፣ አንዱ ከብት ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላካል። የመጀመሪያ ልጃቸው ጄኒም ትመጣለች፤ ቤቱ ከቸገረው በላቧ ያገኘቻትን ደመወዝ ለወላጆቿ ልትሰጥ ነው።

እራቱን በርንስ በቅርብ ያሳየናል። የአጃ ገንፎ ቀርቧል፤ ወተቱ ከአንዲቷ ላማቸው የታለበ ነው፤ ላሚቱ ራሷ ከግርዶሹ ወዲያ ታመሰኳለች። ጄኒን ሸኝቶ ለመጣው ጎረምሳ ክብር እናትየው አስቀምጣ ያቆየችውን አይብ ታወጣለች። ተልባው ሲያብብ የተሠራ እንደሆነና ዓመት እንደሞላውም ሳትናገር አታልፍም። ስለ ድህነት ምንም ሳይነገረን፣ ያ አይብ ለዚያ ቤት ምን ያህል ውድ እንደሆነ ይገባናል። ከግጥሙ ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ክፍል ነው።

አሁን ወደ ባለቅኔው አባት እንመለስ። ዊሊያም በአሎዌይ መንደር፣ ሮበርት በ1759 በተወለደባት በገዛ እጃቸው በሠሯት የጭቃ ቤት ውስጥ እየኖሩ በአትክልተኝነት ይሠሩ ነበር። በዚያው ቢቀጥሉ ኖሮ ልጆቻቸው ገና በለጋነታቸው ለገበሬ ቤት አገልጋይነት በወጡ ነበር። ሮበርት በ1787 በጻፈው ደብዳቤ እንደገለጸው፣ የአባቱ ትልቁ ምኞት ልጆቹ ክፉና ደጉን እስኪለዩ ድረስ ከዓይናቸው ሥር እንዲያድጉ ነበር። ለዚህ ሲሉ በ1766 ከአሠሪያቸው ገንዘብ ተበድረው ማውንት ኦሊፋንት የተባለውን ጭንጫ እርሻ ተከራዩ። ሮበርት በ15 ዓመቱ የእርሻው ዋና ሠራተኛ ሆነ። በኋላ ወደ ሎክሊ ቢዛወሩም ከባለመሬቱ ጋር ክስ ገጠሙ። ኤደንብራ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጥር 1784 ፈረደላቸው፤ ግን ጥሪታቸው አልቆ ነበር፤ በየካቲት አረፉ።

እንግዲህ ዊሊያም ዕድሜያቸውን የገበሩት የግጥሙ አባወራ የደረሰበት ነገር በእሳቸው እንዳይደርስ ነው። የዊሊያም ልጆች አባታቸው ሥር አደጉ፤ የጭሰኛው ልጆች ግን በሰው ቤት ተበትነዋል። ግጥሙ በቅዳሜ ማታ የተመሠረተውም ስለዚህ ነው፤ ቤተሰቡ ቤተሰብ የሚሆንባት ማታ እሷ ናት። አባትየው የሚሰጠው ምክር እንኳ በዚህ ዓይን ሲታይ ይለወጣል። ለጌታና ለእመቤታችሁ ታዘዙ፣ የሚያያችሁ ባይኖርም ሥራ አትለግሙ፣ እግዚአብሔርን ፍሩ ይላቸዋል። ልጆቹን በዓይኑ ሊጠብቃቸው ስለማይችል በቃሉ ይጠብቃቸዋል። ቀጥሎ ቆቡን አውልቆ ትልቁን መጽሐፍ ቅዱስ ሲከፍት የምናየው ሃይማኖተኛነቱን ብቻ አይደለም፤ ለተበተኑ ልጆች አባት ሊሰጥ የቀረውን ብቸኛ ውርስ ሲያከፋፍል ነው። ቋንቋውም እዚህ ላይ ከአገሬው ስኮትኛ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። አንዳንድ ሐያስያን ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል። እኔ ግን ለሕይወቱ የታመነ ነው እላለሁ፤ በዚያ ጎጆ መጽሐፍ ቅዱስ የሚነበበው በእንግሊዝኛ ነበርና።

ግጥሙ እንከን የለውም አልልም። ጄኒን የመሰለች ልጃገረድ አታሎ የሚያበላሽ ወንድ በታላቅ ቁጣ የሚረገምበት አንጓ አለ። በርንስ ራሱ በግንቦት 1785፣ ግጥሙን ከመጻፉ ከወራት በፊት፣ በቤተሰቡ ውስጥ ታገለግል ከነበረች ሴት ሳያገባት ሴት ልጅ ወልዷል። ይህን ለሚያውቅ አንባቢ ያ አንጓ ጩኸት ይበዛበታል።

በ18ኛው አንጓ ጸሎቱ አብቅቶ ትልልቆቹ ልጆች በየአቅጣጫቸው ይሄዳሉ፤ ትንንሾቹ ይተኛሉ፤ ባልና ሚስት ብቻቸውን ሆነው ለልጆቻቸው የሚበቃ እንጀራ ከፈጣሪ ይለምናሉ። የቀሩት ሦስቱ አንጓዎች ስለ ስኮትላንድ ክብርና ስለ ጀግናዋ ስለ ዋላስ የሚናገሩ ናቸው፤ ለአደባባይ የሚስማሙ እንጂ የዚያ ጎጆ አይደሉም። ለእኔ ግጥሙ የሚያልቀው በ18ኛው አንጓ ላይ ነው።