ደሙ ደህና ነው፣ ጉልበቱ ግን ያማል

በአማርኛ «ጉልበት» አንድ ቃል ነው፤ የእግር መታጠፊያውም የሰውነት ኃይልም በእሱ ይጠራሉ። እናትዎ «ጉልበቴ ከዳኝ» ሲሉ የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ ለመለየት የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ማለታቸው ነው።

እስቲ አንዲት እናት በሐሳብዎ ይሳሉ። ስልሳዎቹን ተሻግረዋል። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በይርጋጨፌ ዙሪያ ነው፤ ቡና ሲለቅሙ፣ እንሰት ሲፍቁ፣ እንጨት በጀርባቸው አዝለው ዳገት ሲወጡ ቁልቁለት ሲወርዱ። ዛሬ ዲላ ከተማ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ከበርጩማ ሲነሱ ግድግዳ ይይዛሉ፤ ልቅሶ ቤት ሄደው መቀመጥ እየፈሩ ቀርተዋል። አዲስ አበባ ያለው ልጅ ደውሎ «እማዬ፣ ሙሉ የደም ምርመራ ይደረግልሽ» ይላል፤ ገንዘቡም ይላካል። ውጤቱ ሲመጣ ሁሉም ደህና ነው። እሳቸው ግን «ታዲያ የሚያመኝ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ማወቅም የቤተሰብን ገንዘብና ተስፋ ያድናል።

በጉልበት ውስጥ ምን ሆነ?

በዕድሜ ከገፉ ሰዎች ጉልበት ሕመም ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ኦስቲዮአርትራይተስ ነው። የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት ይሳሳል፤ ከሥሩ ያለው አጥንት ይለወጣል፤ መገጣጠሚያውን የሚለብሰው ስስ ሽፋን ይቆጣል፤ ጡንቻውም ይደክማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአውሮፓውያኑ 2019 ከዚህ ሕመም ጋር የሚኖሩ ሰዎች 528 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፤ 60 በመቶዎቹ ሴቶች ናቸው። ከመገጣጠሚያዎች ሁሉ በብዛት የሚጠቃውም ጉልበት ነው።

ዕድሜ፣ ክብደት፣ የቆየ ጉዳትና ዘር ድርሻ አላቸው። ለዓመታት ከባድ መሸከም፣ ቁጢጥ ማለትና መንበርከክም እንዲሁ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ በተንጠለጠሉ ዳገቶች የተዋበ ነው። ያንን ውበት ጠብቆ ያቆየው የሰው ጉልበት መሆኑን አንርሳ።

የደም ምርመራው ምን ይፈልጋል?

ሐኪም ለጉልበት ሕመም የሚያዛቸው የተለመዱ የደም ምርመራዎች ኢ.ኤስ.አር.፣ ሲ.አር.ፒ.፣ ሩማቶይድ ፋክተርና ዩሪክ አሲድ ናቸው። ዋና ሥራቸው ሌላ በሽታ እንዳለ ማጣራት ነው፦ ኢንፌክሽን፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ሪህ። በኦስቲዮአርትራይተስ ግን ውጤታቸው ብዙ ጊዜ ጤናማ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ «ደሙ ደህና ነው» ማለት «ሕመም የለም» ማለት አይደለም።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። ዩሪክ አሲዳቸው ከፍ ያለ ብዙ ሰዎች ሪህ የለባቸውም። አንድ ቁጥር ብቻ አይተው እናትዎን «ሪህ ነው» ብለው ከሥጋ ከማራቅዎ በፊት ሐኪሙ ጉልበቱን ራሱን ዳስሶ ይፍረድ።

ራጅስ? በ1957 በወጣው የኬልግረንና ሎውረንስ መለኪያ ሐኪሞች ጉዳቱን ከ0 እስከ 4 ደረጃ ይሰጡታል። ነገር ግን ራጁና ሕመሙ ሁልጊዜ አይስማሙም፤ ራጁ የከፋ ሆኖ በደህና የሚራመድ አለ፣ ራጁ ቀላል ሆኖ እንቅልፍ የሚያጣም አለ። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ሰውየው 45 ዓመት የሞላው ከሆነ፣ ሕመሙ ሲንቀሳቀስ የሚነሳ ከሆነና የጠዋት መተሳሰሩ ከሌለ ወይም ከ30 ደቂቃ ካልበለጠ ያለ ራጅ መለየት እንደሚቻል ይገልጻል።

ነገ ከአንዲት ጠብታ?

ተመራማሪዎች ግን ደም ስለ ጉልበት የሚናገረው ነገር እንዳለ ያምናሉ። ልም አጥንት ሲፈርስ ስብርባሪው ወደ ደምና ሽንት ይገባል። ኮምፕ የሚባለው ፕሮቲንና ሃያሉሮኒክ አሲድ ለዚህ ሲጠኑ ቆይተዋል። በ2024 በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ200 እንግሊዛውያን ሴቶችን ደም መርምረው፣ ጥቂት ፕሮቲኖች ራጅ ከማሳየቱ እስከ 8 ዓመት ቀድመው በሽታውን ሊጠቁሙ እንደሚችሉ አሳይተዋል።

ተስፋ ሰጪ ነው፤ ሆኖም ጥናቱ ትንሽ ነው፣ የተመረመሩትም ነጭ ሴቶች ብቻ ናቸው። እነዚህ ፕሮቲኖች በዕድሜ፣ በክብደት፣ ከእንቅስቃሴ በኋላም ይለዋወጣሉ። የጉልበትን ጉዳት መጠን ለክቶ ሕክምና የሚወስን፣ በመደበኛነት የሚታዘዝ የደም ምርመራ ዛሬ የለም። አለ ብሎ የሚያስከፍልዎት ካለ ቆም ብለው ይጠይቁ።

ገንዘቡን የት ያውሉት?

በመጀመሪያ ለእንቅስቃሴ። እናትዎ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዱን እግር ቀጥ አድርገው ጥቂት ሰከንድ ያቆዩ፤ ከዚያ ይቀይሩ። ከወንበሩ ቀስ ብለው መነሳትና መቀመጥም ይለማመዱ። በጥቂቱ ጀምሮ በየቀኑ መደጋገም የጭንን ጡንቻ ያጠነክራል፤ ጠንካራ ጭን ደግሞ ለጉልበት ምሰሶ ነው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ማመሙ ጉዳት አይደለም።

ክብደት ካለ ይቀንሱ፤ ከሰውነት 1 ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ 4 ኪሎ ያህል ጫና እንደሚነሳ ጥናት አሳይቷል። በርጩማውን በወንበር ይተኩ። ከዘራውን ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ያስይዟቸው።

የሚቀባ ማስታገሻ ከሚዋጠው በፊት ይሞከር። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ለወራት ሲዋጡ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። የደም ምርመራ ካስፈለገ፣ ክኒኑ ከመጀመሩ በፊት ኩላሊትን ማየት ለእናትዎ የበለጠ ሊጠቅም ይችላል።

ጉልበቱ በድንገት ካበጠ፣ ከቀላና ከጋለ፣ ትኩሳት ካለ ወይም እግሩ ክብደት መሸከም ካቃተው ግን ቀን አይቁጠሩ፤ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ዲላ ሲደውሉ «ውጤቱ ምን አለ?» ከማለትዎ በፊት «እማዬ፣ ዛሬ ስንት ጊዜ ተነስተሽ ተቀመጥሽ?» ብለው ይጠይቁ። ልቅሶ ቤት ደርሰው መመለስ ከቻሉ፣ ያ ከማንኛውም ቁጥር የተሻለ ውጤት ነው።