ብዙ ቁራጭ፥ አንድ ብርድ ልብስ

በአሜሪካና በአውሮጳ ብዙ ሰዎች ከሱፍ ክር በእጃቸው ሹራብ መሥራት ያውቃሉ። ከሹራብም ሥራ አንዱ በእንግሊዝኛ ቋንቋ «አፍጋን» የተባለው ብርድ ልብስ ነው፤ ስሙም የወጣው ከአፍጋኒስታን አገር ስም ነው። አፍጋን አንድ ወጥ ሆኖ ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ትንንሽ አራት ማዕዘን ቁራጮች ለየብቻ ይሠሩና ኋላ በስፌት ይጋጠማሉ።

ይህ ልማድ የተወደደበት ምክንያት ግልጥ ነው። ትልቅ ብርድ ልብስ ብቻውን ለመሥራት የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜና ብዙ ክር ያስፈልገዋልና፥ ሳይጀምረው ይሰለቻል። ትንሽ ቁራጭን ግን ሥራ የበዛበት ሰው በማታ ሊፈጽማት፥ ጀማሪ ልጅም ሊማርባት ይችላል። ኤቪ ሮዘን የተባለች የሹራብ ክር ነጋዴ ይህን አስተውላ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በዊስኮንሲን ግዛት በዋሳው ከተማ «ዋርም አፕ አሜሪካ» የተባለውን የበጎ አድራጎት ሥራ ጀመረች። በዚህም ሥራ እያንዳንዱ ሰው ወርዱ 7 ኢንች፥ ቁመቱ 9 ኢንች የሆነ ቁራጭ እንዲሰጥ ተጠየቀ። በወርድ ሰባት፥ በቁመትም ሰባት ተደርድረው 49 ቁራጮች ሲጋጠሙ አንድ ብርድ ልብስ ይሆናሉ።

እንደዚሁም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ለሚኖሩ ችግረኞች ልጆች «ኒት ኤ ስኩዌር» የተባለ ተመሳሳይ ሥራ ተጀመረ። በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሰዎች ጎኑ ሁሉ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ እየሠሩ በፖስታ ወደ ጆሃንስበርግ ላኩ፤ በዚያም 35ቱ ተጋጥመው አንድ ብርድ ልብስ ሆኑ። ጆሃንስበርግ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ደጋ ናት። በሰኔና በሐምሌ ክረምቷ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል፤ አንዳንድ ጊዜም ውርጭ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ ሌሊት ብርድ ልብስ የሌለው ልጅ እንቅልፍ አያገኝም።

ሆኖም 35 ቁራጭ በሣጥን ተከማችቶ ቢቀመጥ አንድ ልጅ እንኳ አያሞቅም። ቁራጭ ብርድ ልብስ የሚሆነው በጋጣሚው እጅ ነው። ስለዚህ የመጋጠም ሥራ ከሹራቡ ሥራ ያላነሰ ትዕግሥትና ዕውቀት ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ሥራ መለካት ነው። ከሠሪዎቹ አንዱ ክሩን አጥብቆ ይስባል፥ ሌላው አላልቶ ይይዛል፤ ስለዚህ የዐይኖቹ ቍጥር እኩል ሆኖ ሳለ የቁራጮቹ መጠን ይለያያል። ብልህ ጋጣሚ ግን ያነሰችውን ቁራጭ አትጥላትም። ውኃ ታርከፈክፍባትና በወፍራም ጨርቅ ላይ ዘርግታ ዙሪያዋን በእስፒል ወጥራ፥ እስክትደርቅ ድረስ ትተዋታለች። ይህም ካልበቃ፥ በዙሪያዋ አንድ ረድፍ በኪሮሽ ትጨምርላታለች።

ሁለተኛው የክሩን ባሕርይ መለየት ነው። ብዙው የሱፍ ክር በሙቅ ውኃ ሲታጠብና ሲታሽ ይጠባል፤ ጥጥና ሰው ሠራሽ ክር ግን እንደ ሱፍ አይጠቡም። ሁሉ ሳይለይ በአንድነት የተጋጠመ እንደ ሆነ፥ ሱፉ ከታጠበ በኋላ ተሰብስቦ ጎረቤቶቹን ይጎትታል፤ ብርድ ልብሱም ይጨማደዳል። ስለዚህ አጣጣባቸው አንድ የሆኑት ቁራጮች በአንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ይደረጋሉ።

ከዚህ በኋላ ቁራጮቹ በንጹሕ ወለል ላይ ይደረደራሉ። ደማቁ ቀለም ሁሉ በአንድ ወገን እንዳይከማች ጋጣሚዋ ራቅ ብላ ትመለከታለች። ደስ ባላት ጊዜ አስቀድማ አንዱን ረድፍ ብቻ ትጋጥማለች፤ ረድፎቹ ሁሉ ከተፈጸሙ በኋላ ረድፍን ከረድፍ ጋራ ትሰፋለች። በዚህ ጊዜ የአራቱ ቁራጮች ማዕዘኖች በአንድ ነጥብ እንዲገናኙ አስቀድማ በእስፒል ታያይዛቸዋለች። ማዕዘኑ ከመጀመሪያው የሳተ እንደ ሆነ፥ ስሕተቱ እስከ መጨረሻው ረድፍ ድረስ ይከተላል።

ለስፌቱ ዐይኑ ሰፊ፥ ጫፉ ዱልዱም የሆነ መርፌ ይመረጣል፤ ስለታም መርፌ ክሩን ይሰነጥቃልና። ክሩም ከአንድ ክንድ እምብዛም አይበልጥም፤ የረዘመ ክር በተደጋጋሚ ሲሳብ ይሳሳል። ሁለቱ ቁራጮች ፊታቸው ወደ ላይ ሆኖ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። መርፌው በአንዱ ጠርዝ ያለችውን ትንሽ የክር ድልድይ፥ ቀጥሎም በሌላው ጠርዝ አንጻሯ ያለችውን ያነሣል፤ እንዲህም እየተፈራረቀ ይወጣል። ጥቂት ከተሰፋ በኋላ ክሩ በዝግታ ሲሳብ ሁለቱ ጠርዞች ይሳሳማሉ፤ ስፌቱም ይሰወራል።

ዋናው ጥበብ በክሩ አሳሳብ ላይ ነው። ሹራብ ከቀለበት የተያያዘ ስለሆነ ይለጠጣል፤ ስፌቱም አብሮት ሊለጠጥ ይገባዋል። ጋጣሚዋ እጅግ ያጠበቀችው እንደ ሆነ፥ ጠርዙ ይሸበሸባል፤ ልጁም በእንቅልፉ ብርድ ልብሱን ሲጎትት ክሩ ይበጠሳል። እጅግ ያላላችው እንደ ሆነ፥ በመካከሉ ቀዳዳ ይቀራልና የልጁ ጣት ይገባበታል፤ ብርዱም ይገባበታል። መልካም ስፌት አጥብቆ ሳያስጨንቅ፥ ላልቶም ሳይለይ የሚያስተባብር ነው።

በመጨረሻ የክሩ ጫፎች ይቀራሉ። ችኩል ጋጣሚ ጫፉን ቋጥራ አሳጥራ ትቆርጠዋለች፤ ትጉዋ ግን ጥቂት ጣት ያህል አስተርፋ፥ በስተጀርባው ወዲያና ወዲህ እያመላለሰች በዐይኖቹ መካከል ትሸሽገዋለች። በሚሰጡበት ቀን ሁለቱ ብርድ ልብሶች አንድ ይመስላሉ። ከተወሰነ እጥበት በኋላ ግን የችኩሏ ቋጠሮ ይፈታል፥ ጫፉም ይሾልካል፥ ስፌቱም ይተረተራል። ያን ጊዜ 35 ሰዎች የደከሙበት ሥራ በአንዲት ሰዓት ችኮላ ይፈርሳል፤ ልጁም በክረምት መካከል ለብርድ ይጋለጣል።

ብርድ ልብሱን የሚያይ ሰው የቀለሙን ውበት ያደንቃል እንጂ ስፌቱን አያመሰግንም፤ አያየውምና። ስፌት የሚታየው ሲበላሽ ነው። በቤትና በትምህርት ቤት፥ በማኅበርም መካከል እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። የተጣሉትን ያስታርቃሉ፥ ደካማውን ከብርቱው ጋራ ያስተካክላሉ፥ ስማቸው ግን አይጠራም።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ድር በገዛ እጁ አያብርም፤ የሚያስተባብረው ታጋሽ እጅ ያስፈልገዋል።