ለኋላ የተባለ ነገር

ባለፈው እሑድ ጅማ ቤቴ ቡና ለማፍላት ስሰናዳ ቴሌቪዥኑ የጋዛን ፍርስራሽ ያሳያል። የልጅ ልጄ፣ «እማማ፣ እስራኤልና ፍልስጤም ይታረቁ ይሆን?» አለኝ።

በመስከረም 1986 ዓ.ም. ራቢንና አራፋት ዋሽንግተን ላይ እንደተጨባበጡ ነገርኩት። የኢየሩሳሌም፣ የድንበር፣ የስደተኞችና የሰፈራ መንደሮች ጉዳይ ግን ለኋላ ይደር ተባለ። ያደረው ነገር እስከ ዛሬ ደም ያፋስሳል።

«እኛ አገርስ እንዲህ ተጣልተን እናውቃለን?»

እናውቃለን። በ2003 ዓ.ም. «ቁርኣን ተደፈረ» በሚል ወሬ በአሰንዳቦና በአካባቢው በርካታ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ሺዎች ተፈናቀሉ። ያን ሰሞን እኔ ክርስቲያኗ ሙስሊም ጎረቤቴን ቡና መጥራት ፈራሁ። በሦስተኛው ቀን እሷው ቆሎ ይዛ መጣች። ጠጣን፤ ስለሆነው ነገር ግን አንዲት ቃል አልተነፈስንም። በመካከላችን የተወሰደ መሬትም የተሰመረ ድንበርም ሳይኖር እኛም ለኋላ አልነው።

«ታዲያ አሁን ለምን አትጠይቂያትም?»

የእነዚያ ቁስል ከእኛ እጅግ ይከብዳል፤ ዕርቃቸው ካርታም ፍትሕም ይፈልጋል። የእኛ ግን የሚፈልገው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። አቦሉ ሳይቀዳ ጠራኋትና ጠየቅኋት። ለካ እሷም ፈርታ ኖሯል! በረካው ካለቀ በኋላም ጨዋታችን አላለቀም።