ከትምህርት ቤት በኋላስ? የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ጎልማሶች የቀን ማዕከል ስለ ማቋቋም

የልዩ ትምህርት ነገር በተነሣ ቁጥር ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ሕፃናት ነው። በኬንያ በዴንማርክ መንግሥት እርዳታ የምዘና ማዕከሎች መከፈት ከጀመሩበት ከ1984 ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ይልቁንም የኬንያ የልዩ ትምህርት ተቋም በ1986 ከተመሠረተ በኋላ፣ ስለ ልጆቹ ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተሠርቷል። ነገር ግን ልጅ ልጅ ሆኖ አይቀርም። ዕድሜው ሃያ የሞላው ወጣት ከልዩ ክፍል ሲወጣ ወዴት ይሄዳል? እንደ ሞያሌ ባለች የጠረፍ ከተማ መልሱ ባብዛኛው «ወደ ግቢው» የሚል ነው። እናቲቱ ወደ ገበያ ስትወጣ በሩ ይዘጋበታል። መምህሩ በስንት ትዕግሥት ያስለመደው ሳንቲም መቁጠርና ተራ መጠበቅም የሚሠራበት ቦታ በማጣቱ ቀስ በቀስ ይጠፋል።

ለዚህ ችግር በሌሎች አገሮች የተገኘው አንዱ መፍትሔ የቀን ማዕከል የሚባለው ነው። የቀን ማዕከል ሆስፒታል አይደለም፤ የመኖሪያ ተቋምም አይደለም። ጎልማሳው ጧት ይመጣል፣ ሲሠራና ሲማር ይውላል፣ ማታ ከቤተሰቡ ጋር ያድራል። የሚማረውም ፊደል ብቻ ሳይሆን ኑሮን ነው። ለምሳሌ ያህል ሻይ ማፍላትን እንውሰድ። ለእኛ አንድ ሥራ ነው፤ ለእርሱ ግን ጀበናውን ማጠብ፣ ውኃ መለካት፣ እሳቱን መለኮስ፣ ሲፈላ መጠበቅ፣ ቅጠሉን መጨመር፣ ማውረድ፣ መቅዳት እየተባለ ሰባትና ስምንት ቦታ የሚከፈል ሥራ ነው። አሠልጣኙ የትኛውን ብቻውን እንደ ሠራ፣ በየትኛው ላይ እጁን መያዝ እንዳስፈለገ በየቀኑ ይመዘግባል። የትምህርት ዕቅድ ማዘጋጀት ለለመደ መምህር ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ታዲያ ቤት ተከራይቶ ወንበር መደርደር ከተቻለ ምስክር ወረቀት ለምን ያስፈልጋል? የሚል ሊኖር ይችላል። መልሱን ከታሪክ እናገኛለን። በኒው ዮርክ ከተማ ዊሎብሩክ የሚባል የመንግሥት ተቋም ነበር። ለ4,000 ሰዎች ታስቦ የተሠራ ሲሆን በ1960ዎቹ ከ6,000 በላይ ሰዎች ታጭቀውበት ነበር። በ1972 አንድ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ካሜራ ይዞ ገብቶ በውስጡ የነበረውን ርኩሰትና ራቁትነት ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ አገሩ ደነገጠ፤ ተቋሙም በ1987 ተዘጋ። ልብ እንበል፤ ይህ ቤት የመንግሥት ነበር፤ ስሙም ትምህርት ቤት ይባል ነበር። ራሱን መከላከልና ደረሰብኝ ብሎ መናገር የማይችል ሰው የሚውልበትን ቤት የውጭ ዓይን ካላየው መልካም ስም ብቻውን አያድነውም።

በካሊፎርኒያ ላንተርማን የተባለው ሕግ በ1969 ወጣ። ሕጉ የሚመለከታቸው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት፣ ኦቲዝም፣ ሴሬብራል ፓልሲ፣ የሚጥል በሽታና እነዚህን የመሰለ ከ18 ዓመት በፊት የጀመረ ብርቱ ችግር ያለባቸውን ነው። በዚያ የቀን ማዕከል መክፈት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የፕሮግራሙን ንድፍ በጽሑፍ ያቀርባል፤ ይኸውም ማንን እንደሚቀበል፣ ምን እንደሚያስተምር፣ አንድ ሰው በምን ምክንያት ከማዕከሉ እንደሚወጣ የሚገልጽ ነው። ለጎልማሶች ማሳደጊያ ማዕከል አንድ ሠራተኛ ለ4 ሰዎች፣ ጠባያቸው ብርቱ ክትትል ለሚሻ ደግሞ አንድ ለ3 እንዲሆን ደንቡ ያዝዛል። በክፍላችን ውስጥ ስንት ተማሪ እንዳለ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ቁጥር ሕልም ይመስላል። ነገር ግን የቁጥሩን ምክንያት መያዝ ይገባል፤ አንዱን ወደ መጸዳጃ የሚወስድ ሠራተኛ ሌሎቹን ለማን ትቶ ይሄዳል?

ወደ ራሳችን እንመለስ። በኬንያ የ2003 የአካል ጉዳተኞች ሕግ፣ ግለሰቦችን ብቻ ሳይሆን አገልግሎት የሚሰጡ ተቋማትንና አገልግሎቱ የሚሰጥባቸውን ቦታዎች ጭምር የመመዝገብ ሥልጣን ለብሔራዊው የአካል ጉዳተኞች ምክር ቤት ሰጥቶ ነበር። ያ ሕግ በ2025 በወጣው አዲስ ሕግ ተተክቷል፤ ምክር ቤቱ ግን ሥራውን ቀጥሏል። ስለዚህ የሞያሌ ወላጆችና መምህራን ተሰብስበው ማዕከል ለመክፈት ቢያስቡ፣ መጀመሪያ በ2022ቱ የማኅበረሰብ ቡድኖች ሕግ መሠረት በቡድን መመዝገብ ይችላሉ። ቀጥሎ ቤቱ ይታያል፤ ከማርሳቢት ካውንቲ የሥራ ፈቃድ፣ የጤናና የእሳት አደጋ ጥንቃቄ ምርመራ ይጠየቃል። በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው የሠራተኞቹ ጉዳይ ነው። ምግብ አብሳይም ሆነ ዘበኛ፣ ከወንጀል ምርመራ መሥሪያ ቤት የመልካም ጠባይ ምስክር ወረቀት ሳያመጣ በር ላይ መቆም የለበትም። ጎልማሶቹም እያንዳንዳቸው በሆስፒታል ተመርምረው በምክር ቤቱ ዘንድ ቢመዘገቡ ይጠቀማሉ፤ መታወቂያው የማዕከሉ ሳይሆን የራሳቸው ነውና።

አነጋገራችንም ቢሆን የሕግ ጉዳይ ነው። የኬንያ ሕገ መንግሥት (2010) በአንቀጽ 54 አካል ጉዳተኛ ክብሩን በማይነካ አጠራር የመጠራት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የሠላሳ ዓመቱን ሰው «ይህ ልጅ» እያሉ የሚጠሩበት ማዕከል፣ ግድግዳው ላይ ስንት ምስክር ወረቀት ቢሰቀል፣ ገና ሥራውን አልጀመረም እንላለን።

ገንዘብ ሳይሞላ መጀመር አይቻልም የሚሉ አሉ። ለዚህ አዲስ አበባን መመልከት ይበቃል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲያቋቁሙ ያነሣሣቸው የገዛ ልጃቸው ጉዳይ ነበር፤ በ2021 እስካረፉ ድረስም ስለ ኦቲዝም በአደባባይ ከመናገር አልቦዘኑም። እዚያ በሕፃንነት የገቡ ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ የቀን ማዕከል ጥያቄም የሚነሣው ከዚሁ ነው።

ለሞያሌ አንድ ነገር መጨመር አለብን። ከተማይቱ አንድ ስትሆን መንግሥቷ ሁለት ነው። በኬንያ በኩል የተገኘ ምዝገባ ከኬላው ወዲያ አይሠራም፤ በኢትዮጵያ በኩል ያለ ማኅበር የሚመዘገበው በአዋጅ ቁጥር 1113 (2019) መሠረት ነው። ዘመዳሞች ደግሞ በሁለቱም ወገን ይኖራሉ። አክስቱ ዘንድ ሊውል ጧት ኬላውን የሚሻገር ጎልማሳ ካለ፣ ማዕከሉ ከመቀበሉ በፊት ይህ ሰው ቢታመም ወደ የትኛው ሆስፒታል እንደሚወሰድ፣ ማታ ማን መጥቶ እንደሚረከበው፣ ኬላው ቢዘጋ የት እንደሚያድር ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግሮ በጽሑፍ መያዝ ይኖርበታል።